ሳታለቅስ የጠየቀችው ልጅ

ባሌ ወንድምአገኘሁ በዓለም ታውቋል። ቀልድ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲቀጥል ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከደሴ ወዲያ እግሩ ያልረገጠ ሰው፣ ዛሬ በባንግላዴሽ ይጠቀሳል፣ በሄይቲ ይጠቀሳል፣ በየመን ይጠቀሳል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልጃችን ጽናት የጻፈችውን ጥናት የሚያነሳ የውጭ ሰው ሁሉ «ወንድምአገኘሁ እና ሌሎች» ብሎ ነው የሚጽፈው። እነሱ የሚይዙት የአባትን ስም ነው አለችኝ። እንግዲህ ዘጠኝ ወር ያረገዝኩ እኔ፣ ያማጥኩ እኔ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ በቁሜ እያንቀላፋሁ ጸጉሯን የሠራሁ እኔ፤ ስሙ የሱ። እኔ አትጠገብ ከ«ሌሎች» መሀል ሳልኖር አልቀርም።

እሱ ደግሞ ይህን ከሰማ ወዲህ አላስቀመጠንም። ለጸጉር አስተካካዩ ተናገረ፣ ለባጃጅ ሾፌሮቹ ተናገረ፣ ሐኪም ቤት ደም ግፊቱን ሊለካ ሄዶ ለነርሷ ሳይቀር ተናገረ። ኧረ ምን አደረግህና ነው ስለው፣ ስም ማውጣት ቀላል መሰለሽ ወይ አለኝ። ስሟን ያወጡት እኮ አያቷ ናቸው። ይሁን፣ ደስ ይበለው፤ ሌላ ምን ደስታ አለው።

የልጄን ሥራ ስሙን ለመጥራት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ኤፒዲሚዮሎጂስት ናት። የተላላፊ በሽታ። ለማያውቅ ሰው በሽታ አሳዳጅ ናት ብዬ ነው የማስረዳው። ሐኪም ታማሚውን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ እሷ ግን በሽታው ከየት ገባ፣ በማን በኩል አለፈ፣ በየት ቢይዙት ይቆማል እያለች ከኋላው የምትሮጥ ናት። ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ውጭ አገር ነይልን ያሏት ብዙ ናቸው፤ ሄዳ ተናግራ ትመለሳለች እንጂ አትቀርም። ወሎን በሽታ ሳይለቀው እኔ ወዴት እለቀዋለሁ ትላለች።

ሙሉ ፕሮፌሰር መሆኗን የነገረችኝ እሁድ ከቤተክርስቲያን ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ደውላ ነው። ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ በዓል ይደረግልኛል አለች። እልል አልኩ። አንጀቴ እስኪራስ እልል አልኩ። ሰፈሩ ከየግቢው ተቀበለኝ፤ ምን ተገኘ እያለ የመጣም አለ። ኋላ ስረጋጋ፣ ለመሆኑ ፕሮፌሰር የሚኮነው በምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። ማስተማር ብቻ አይበቃም አለችኝ፤ የጻፍሽው ይታያል፤ ከዚያም ሌሎች የራሳቸውን ሲጽፉ ያንቺን ስንቴ እንዳነሱ ይታያል። ገባኝ። ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ እገሌ ያውቅልኛል እንደሚለው፣ ምስክር ይጠሩሻል ማለት ነው ስላት ሳቀች፤ ልክ እንደሱ ነው አለች። የትኛውን ነው አብዝተው የጠሩት አልኳት። የኮሌራዋን አለች።

እዚህ ላይ ደስታዬ ጎደለ። እልልታዬን ሰፈሩ ሁሉ ሲቀበል፣ ከግንቡ ወዲያ ያለችው ዙበይዳ አልተቀበለችኝም ነበር። እንዳልሰማሁ ልሆን ብዬ ነው እንጂ ልብ ብዬው ነበር። ግንቡ ስስ ነው፤ ስትስል እሰማታለሁ፣ ሳስነጥስ ይርሐምኪላህ ትለኛለች። እልልታ አልተሰማኝም ልትል አትችልም።

ዙበይዳ ለኔ ጎረቤት ናት ብል ውሸት ነው። ጽናትን ወልጄ ወደ ሥራ ስመለስ የሌሊት ፈረቃ ደረሰኝ። ሕፃን ይዤ ማሽን ስር አልተኛም፤ ሥራውን ልተወው ወስኜ ነበር። ዙበይዳ ያን ጊዜ ልጇን ፈሪድን ታጠባ ነበርና ልጅቷን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሁለት ጡት የተሰጠኝ ለምን መሰለሽ ብላ ቀለደች። እንዲያ ነው ጽናት ያደገች፤ አንዱን ጡት ፈሪድ፣ አንዱን እሷ። እኛ አገር ጡት የተጣባ ወንድምና እህት ነው፤ አይጋባም፣ አይካካድም። ከፍ ስትል ደግሞ በዐቢይ ጾም ወተት እንዳትነካ ከኔ ይልቅ የምትጠብቃት ዙበይዳ ነበረች፤ የናትሽን ሃይማኖት እኔ ቤት አታፈርሺም ትላታለች። ወላሂ፣ ከእግዚአብሔር በታች ለልጄ እዚህ መድረስ መጀመሪያ የማመሰግናት ዙበይዳን ነው። ክርስቲያን ሆኜ ወላሂ ማለቴ እንዳይገርማችሁ፤ ወሎ ነው ያደግሁት።

ባሏ መሕሙድ ደግሞ ጽናትን ትከሻው ላይ አድርጎ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ መልሶ የሚያመጣ ሰው ነበር። ግን ሰፈሩ የሚያውቀው በሌላ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ እስላምና ክርስቲያኑን አንድ ላይ የሚይዝ፣ የሞተውን የሚቀብር፣ የቀረውን የሚያጽናና። በኛ ቅሬ ውስጥ ሰው ሞተ ሲባል አካፋ ይዞ ቀድሞ የሚወጣው መሕሙድ ነው። መስጊድ ቢሆን ቤተክርስቲያን፣ ዝናብ ቢሆን ፀሐይ። የእናቴን መቃብር የቆፈረው እሱ ነው። ዲያቆናቱ ሳይደርሱ እሱ ወገቡን አስሮ ላቡን ሲጠርግ አገኘነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ክረምት ያ በሽታ ገባ። ሰፈሩ አተት ይለው ነበር፤ ጽናት ኮሌራ ነው አለች። ገና ተመርቃ በከተማው ጤና ቢሮ መቀጠሯ ነው። የታመመ ሰው ያለበትን ቤት ሁሉ እየዞረች፣ ምን በላችሁ፣ የት ዋላችሁ እያለች ስትጠይቅ አንድ ነገር ታያት። የታመሙት ሰዎች ውኃቸው አንድ አይደለም፣ ገበያቸው አንድ አይደለም፤ ግን አንድ ለቅሶ ቤት ውለዋል። ድንኳን ገብተው፣ እጃቸውን በአንድ ማስታጠቢያ ታጥበው፣ ከአንድ ድስት በልተዋል። እኛ ለሐዘንተኛ የምናሳየው ፍቅር ነው በሽታውን የሚያጓጉዘው። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው እንዴት ይነገራል?

እሷ ግን ተናገረች። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ጣሀ ዘንድ ሄደች። በሽታው እስኪያልፍ ድንኳን አይጣል፣ ለቅሶ ቤት እህል አይቀመስ፣ አስከሬን የሠለጠነ ሰው ይጠበው፣ ቀብር የሚወጣው ጥቂት ሰው ይሁን ብላ ለመነች። ቅሬው ተሰብስቦ ተጯጯኸ። እንደ ውሻ ልንቀበር ነው ወይ ያለ አለ። ልጅቷን ቀለም አሳበዳት ያለም አለ፤ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እስካሁን ሰላም አልለውም። መጨረሻ ላይ መሕሙድ ተነሳ አሉ። እሷን እኔ አውቃታለሁ፣ የምትለውን እንስማ አለ። እሱ ከተናገረ ማን ይከራከራል፤ ተስማሙ።

ከዚያ ገጠር ዘመድ ሞቶበት ለቅሶ ሄደ። እዚያ ደንቡ አልደረሰም፤ በልቶ ጠጥቶ መጣ። በማግስቱ ሞተ። በአዲሱ ደንብ መጀመሪያ የተቀበረው ራሱ መሕሙድ ሆነ።

ያን ቀን እንዴት ልንገራችሁ። ከመስጊድ የመጡ ሁለት ሰዎች ፕላስቲክ ለብሰው አጥበው ገነዙት። ፈሪድ አዲስ አበባ ነበር፣ አልደረሰም። ለቅሶ የሚመጣውን ሰው በሩ ላይ ቆማ የምትመልሰው ጽናት ነበረች፤ ትከሻው ላይ ያደገችው። ሰዉ ከመንገድ ማዶ ቆሞ ደረቱን ይመታል፣ እሷ እጇን ዘርግታ አትግቡ ትላለች። እኔ ግንቡን ተደግፌ ከወዲህ አለቀስኩ፣ ዙበይዳ ከወዲያ። ስታለቅስ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ ያልደረስክበት ለቅሶ የለም፣ ላንተ ማን ደረሰልህ ትላለች። ጀናዛውን በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ይዘው ወጡ።

ይሄን ዙበይዳ ችላው ነበር። እውነቴን ነው፣ ችላው ነበር። በሩን ዘግታ ደንቡን የጠበቀች እሷ ናት፤ ዘመድ አጥር ዘሎ ሊገባ ሲል በአላህ ይሁንባችሁ ብላ የመለሰች እሷ ናት። ያልቻለችው በሦስተኛው ቀን የሆነውን ነው። ጽናት ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ያን ፕላስቲክ ልብስ ለብሳ፣ አፏን ሸፍና ገባች። ዙበይዳ ልጄ መጣች ብላ ተነሳች። ጽናት ግን አልተጠጋችም፣ አላለቀሰችም፣ ርቀት ይዛ ቆማ ጠየቀች። ምን በላ? ውኃ ከየት ጠጣ? ልብሱን ማን አጠበው? መጸዳጃ ቤቱን ማን ተጠቀመው? ዙበይዳም አንድ ሳትደብቅ መለሰች። ሲጨርሱ ወጡ።

እኛ ጋ ለቅሶ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ይለቀሳል። ዕዳ ያለበትም ያለቅሳል፣ ጠላትም ያለቅሳል፤ የሚጠየቅ ነገር ካለ ከዚያ በኋላ ነው። ልጄ ሳታለቅስ ጠየቀች። ከዚያ እኔ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ እንዴት እንዳለቀሰች፣ ያየሁ እኔ ነኝ። ለዙበይዳ ነግሬያታለሁ። ለኔ አልደረሰኝም ብላኝ አለፈች።

ከመሕሙድ በኋላ በሰፈራችን አንድም ሰው አልታመመም። ሌላው ቀበሌም አይቶ እንደኛ ቀበረ፣ በሽታው እየሰለለ ሄዶ ቆመ። ጽናት እንደ ልማዱ የቀበሩትን ሰፈሮችና እንደኛ የቀበሩትን አስተያይታ ጻፈችው። ያቺ ናት የኮሌራዋ። ከዚያ ተነስታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ሠራች፣ ዶክትሬቷን ሠራች፣ ስለ ወባ ጻፈች፣ ስለ ኩፍኝ ጻፈች፤ ግን የሚጠሯት በዚያች ነው። ቀብር ሳይከለከል በሽታን ማቆም ሲፈልጉ ወደሷ ነው የሚመጡ።

ክረምቱ ሲወጣ ጋሽ ጣሀ ሽማግሌ ይዘው ዙበይዳ ዘንድ ገብተው፣ እንግዲህ ድንኳን ጥለን ለመሕሙድ እናልቅስለት አሏት። ቀጠሮ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው፣ ለቅሶ ቀጠሮ የለውም ብላ መለሰቻቸው። ስለ ጽናት ሲያነሱባት ደግሞ እኔ ከማንም አልተጣላሁም አለች። ይሄ ነው የቸገረን። የተጣላ ሰው ይታረቃል፤ አልተጣላሁም ያለን ሰው በምን ይዘው ያስታርቁታል? ከዚያ ወዲህ ከኔ ጋር እንደ ድሮው ነን፤ ጨው ትበደረኛለች፣ የጨጓራዬን ስሞታ ትሰማኛለች። የጽናትን ስም ግን ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ጽናትም መጀመሪያ በሥራ፣ ኋላ በሐፍረት ያቺን በር ሳትረግጥ ዓመታት ሄዱ። እኔ ቤት ስትመጣ ድምጿን ቀንሳ ነው የምታወራው።

አሁን እንግዲህ ቅዳሜ ደሴ በዓል አለ። አባቷ ኮት አሰፍቷል። እኔ ግን አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ያጠባቻትን ሴት ከግንቡ ወዲያ ትቼ አዳራሽ ገብቼ አላጨበጭብም። ይሄንኑ በስልክ ነገርኳት። እኔስ ያለሷ የምቆም መስሎሻል አለችኝ።

ሐሙስ ለት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ መጣች። እጇ ላይ ትልቅ ነገር ይዛለች። ሲገለጥ የዚያች ጥናት የመጀመሪያ ገጽ ነው፤ በመስታወት አሠርታዋለች። ከደሴው ሰኞ ገበያ ደግሞ የሚያምር ሻሽ ገዝታለች። ይሄን ሰጥቼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ አለች። እኔ ደሜ ፈላ። ፕሮፌሰር ትሁን ምን ትሁን ልጄ ናት፤ የልቤን ነገርኳት።

«ለቅሶ ቤት መስታወት ይዞ የሚገባ የት አየሽ? አንቺ ከዚያች ሴት ያለብሽ ለቅሶ ነው። ሂጂና አልቅሺ።»

«እማዬ፣ ስንት ዓመት አልፎ?»

«ለቅሶ አያረጅም። እስክትደርሺ ይጠብቅሻል።»

መስታወቱን ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠችው። ነጠላዬን ሰጠኋትና አዘቅዝቃ ለበሰችው። በጓሮ በኩል አጭር መንገድ አለ፤ እሷ ግን በሱ አልሄደችም። ለቀስተኛ በጓሮ አይገባም። ወደ መንገዱ ወጣች፣ እኔ ተከተልኳት። ገና አስፋልቱን ስትረግጥ ጮኸች።

«አባቴ መሕሙድ! አባቴ!»

እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ እንዲያ ያለ ለቅሶ ከዚያች ልጅ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አዳራሽ ቆማ ስትናገር ድምጿ የማይሰማ ናት። ባጃጆቹ ቆሙ። ሰዉ ከየሱቁ ወጣ፤ ማን ሞተ ይላል። መሕሙድ ይባላል። የቱ መሕሙድ ይላል። የዙበይዳ። እሱማ ከሞተ… ይልና ያቋርጠዋል። ከዚያ ገባው። ያን ቀን ከመንገድ ማዶ ቆሞ የተመለሰው ሁሉ ነው እኮ። አንዷ ሱቋን ዘግታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች፣ ሌላዋ ተከተለች። ጋሽ ጣሀ ከመስጊድ እየወጡ ነበር፤ ከዘራቸውን ይዘው ምንም ሳይጠይቁ ከወንዶቹ ፊት ሆኑ። ወንድምአገኘሁ እንኳ በጡረታ እግሩ ሮጦ ደረሰ። ዙበይዳ በር ስንደርስ ግማሽ ሰፈር ሆነናል።

ዙበይዳ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር። ጩኸቱን ሰምታ የወጣች መሰለኝ። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አጣሁ። በሩን ብትዘጋው ከዚህ በኋላ የሚከፍተው የለም። ጽናት እግሯ ላይ ወደቀች። መሬቱን እየመታች፣ ትከሻህ ላይ ያደግሁ፣ በርህ ላይ ቆሜ ሰው የመለስኩብህ፣ ሳላለቅስልህ የቀረሁ እያለች አለቀሰች። ከኋላዋ ሰዉ ሁሉ ተቀበለ። ያን ክረምት የታፈነው ለቅሶ ነው የወጣው።

ዙበይዳ ብዙ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጄን ራስ በሁለት እጇ ያዘች።

«ተነሽ ልጄ። ደረሽልኝ። ተነሽ።»

አልቻልኩም፤ እኔም እዚያው ቁጭ አልኩ። ተመስገን፣ ተመስገን እላለሁ፣ ሌላ ቃል አይመጣልኝም። ልጄን ፕሮፌሰር ያደረጋት አምላክ ይመስገን፤ ያን ቀን ግን ዙበይዳ ልጄ ስላለቻት ነው ያመሰገንኩት።

ሰዉ ገባ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጎረቤት ዳቦና ቆሎ አመጣ። ጋሽ ጣሀ ፋቲሓ አደረሱለት፣ እኛም በልባችን አቡነ ዘበሰማያት ደገምንለት። ሰዉ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ እግዜር ያጥናሽ እያለ ተራ በተራ ሲወጣ፣ ዙበይዳ አላህ ይስጥልኝ እያለች ሸኘች። መጨረሻ ላይ እኛና ጋሽ ጣሀ ቀረን። የቅዳሜውን እንዴት እንደማነሳ ጨንቆኝ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ዙበይዳ ቀደመችኝ። እሁድ እልል ስትይ የሰማሁት መጋረጃ ሳጥብ ነው፣ የቅዳሜ ልብሴን ግን እስካሁን አላጠብኩም፣ ይደርቅልኝ ይሆን አለች። በኮምቦልቻ ፀሐይ የማይደርቅ ልብስ የለም አልኳት።

ከዚያ ወደ ጽናት ዞረች።

«ያኔ የጠየቅሽኝን ምን አደረግሽው?»

ጽናት ነገረቻት። ስለ እያንዳንዱ ጥያቄ ነገረቻት፤ ያ መልስሽ በሽታው የት እንደተቆረጠ አሳየኝ አለቻት። አንቺ በርሽን ባትዘጊ ኖሮ የማወዳድረው ነገር አይኖርም ነበር አለቻት። ዙበይዳ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰማች።

«ስሙን ጻፍሽው?»

«የታማሚ ስም መጻፍ አይፈቀድም። አንድ ሰው ብዬ ነው የጻፍኩት። ለሰው ቀብር ሁሉ የሚደርስ አንድ ሰው፣ በጥቂት ሰዎች ተቀበረ፤ ከዚያ በኋላ በሰፈሩ የታመመ የለም ብዬ።»

«ይሄንን ነው የሚያነሱት? እነዚያ በስልክ ለናትሽ ያወራሽላት?»

ግንቡ ስስ ነው ብያለሁ። ጽናት አፈረች።

«አዎ፣ ይሄንን ነው። ሰው ሲሞትባቸው፣ በሽታ ሲገባባቸው የሱን ቀብር ያነሳሉ።»

«ስንት ሰው ነው ያነሳው?»

«ከሺህ በላይ። ግን እማ ዙበይዳ፣ ሁሉም አመስግኖ አይደለም የሚያነሳው። ሊተቸው፣ ተሳስታለች ሊል የሚያነሳም አለ።»

ዙበይዳ እጇን ወረወረች። «ለቅሶ ቤትስ ሊያማ የሚመጣ የለም? መጣ ብቻ።»

ጋሽ ጣሀ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ዙበይዳ አልሳቀችም። ከሺህ በላይ አለች ለራሷ። ከየት ከየት አገር እንደሆኑ ጠየቀች፤ ጽናት ባንግላዴሽ፣ ሄይቲ፣ ማላዊ፣ የመን እያለች ዘረዘረችላት። የመን ስትል ቀና አለች፤ ሌሎቹን የት እንዳሉ አታውቅም። ወንድምአገኘሁ ስሜን ነው የሚጽፉት ሊል አፉን ሲከፍት በክርኔ ጎሸም አደረግሁት።

«እኛ ከቤታችን ደጃፍ ሰው ስንመልስ፣» አለች ዙበይዳ ቀስ ብላ፣ «ይሄ ሁሉ ሰው እየመጣ ነበር?»

ዓይኗ ሞላ፤ ግን ፊቷ ያን ያህል ዓመት ሳላየው የቀረሁት ፊት ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና የጽናትን እጅ ያዘች።

«ስትጽፊ መልስ የምትሰጫቸው ቦታ አለ?»

«መጨረሻ ላይ ምስጋና የሚባል ቦታ አለ።»

«እንግዲያስ እዚያ ላይ ጻፊልኝ። ሚስቱ አላህ ይስጥልኝ ብላለች በያቸው። ከሩቅ ነው የመጡት።»